«ከፍለሃል ወይ?»

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ሃያ ደቂቃ ሰጥተንሃል፤ ከሥራ ልምድህ አካፍለን» አሉኝ። የእኔ የሥራ ልምድ የሂሳብ ምርመራ ነው። ገና እራት ላልቀረበለት ሰው ስለ ሂሳብ ምርመራ ማውራት ደግሞ ግፍ ነው። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ከሆነ ስለ ሌላ ነገር ላውራ። ታይላንድ አገር፣ ባንኮክ ከተማ፣ አንድ ርካሽ ሆቴል ውስጥ ስላሳለፍኳቸው 24 ሌሊቶች። አትሳቁ፤ መጨረሻ ላይ ገንዘብ እጠይቃችኋለሁ።

ከሐሙሲት ልነሣ። አብዛኞቻችሁ በመኪና መስኮት ታውቋታላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የምታገኟት፣ ሾፌሩ ጉዳይ ከሌለው በስተቀር የማትቆሙባት ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። እኛ ደራዎች በስም አወጣጥ አንቸገርም፤ ሐሙስ የሚቆመውን ሐሙሲት፣ አርብ የሚቆመውን አርብ ገበያ ብለን ጨርሰናል።

ታዲያ እኔ ልጅ ሳለሁ ረቡዕ ማታ ቤታችን ይሞላ ነበር። ከደጋው ገብስና ድንች ጭነው የወረዱ፣ ከሜዳው ሩዝ ይዘው የመጡ፣ ዘመድ የሆኑም ያልሆኑም። እናቴ እግር ታጥባለች፣ ያለውን ታቀርባለች፣ መደቡን ለእንግዳ ትለቅና እኛን ልጆቹን ምድጃው አጠገብ ታስተኛለች። የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነው፤ አለቀ። ሳንቲም የተቀበለችበትን ቀን አላስታውስም። እንግዳ ማስከፈል በሰፈራችን ስም የሚያስጠፋ ነገር ነበር።

ይህ የሐሙሲት ጠባይ ብቻ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ለበሉት ምግብ ገንዘብ መክፈል ለሰዉ ነውር ሆኖበት፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው አስለመዱ ይባላል። እንግድነትና ገንዘብ እኛ ዘንድ ቶሎ አልተስማሙም። ዛሬም ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አይመስለኝም።

አሁን ወደማያስቀው ልግባ።

በ1999 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ፔዳ ሳለሁ፣ አባቴ ታመመና ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኛ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ወቀሳዬ በእነሱ ላይ አይደለም። አባቴ አልጋ አገኘ። አስታማሚዋ እናቴ ግን አልጋ አልነበራትም። መጀመሪያ ከአንድ የሩቅ ዘመድ ቤት አደረች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሰዎቹ ስድስት ናቸው። ክፉ ቃል አልተናገሯትም፤ እንዲያውም አልጋቸውን ለቀቁላት። ያባረራትም ይኸው ደግነታቸው ነው። ቁርስ ሳይቀርብ በሌሊት ትወጣለች፤ ማታ እራት ተበልቶ እስኪነሣ ውጭ ቆይታ ትገባለች። በዘጠነኛው ቀን «ሰው አስቸገርኩ» ብላ ጋቢዋን ይዛ ወጣችና የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፋ ማደር ጀመረች። እኔ ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነኝ። እናት ወደ ወንዶች ዶርም አይገቡም።

ከእናቴ ጎን ሚስቱ የተኛችበት የፋርጣ ገበሬ ነበር። ከእሱ ወዲያ ከእስቴ የመጡ እናትና ልጅ፣ ከዚያ ወዲያ ከአንበሳሜ የመጡ አንድ ቄስ። በረንዳው ራሱን የቻለ ደቡብ ጎንደር ነበር። እነዚህ ሁሉ ሰዎች አገራቸው ላይ እንግዳ ተቀብለው የሚያሳድሩ፣ ቤትና መደብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሆስፒታል ደጅ ሲደርሱ ግን ማንም የማይቀበላቸው እንግዳ ሆኑ።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ «እሷ ካርቶን ላይ እያደረች እኔ ፍራሽ ላይ አልተኛም» አለ። ሐኪሙ ለመነው። እኔም ለመንኩት። ፈርሞ ወጣ። በአራተኛው ወር ሐሙሲት ቤቱ ውስጥ ዐረፈ። ሐኪም አይደለሁም፤ ቢቆይ ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አባቴ ከሆስፒታል የወጣው ሕክምናው አልቆ አይደለም፤ ማደሪያ አልቆ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የእናቴ ሆነ። በሽታዋ የልብ ቫልቭ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በደንብ ሳይታከም ሲቀር ውሎ አድሮ ወደ ልብ ይዞርና ቫልቩን ያበላሻል፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ይኸው ነው። ቫልቩ መቀየር አለበት ተባለ። የአገር ውስጡ ወረፋ ረጅም ስለነበር ባንኮክ እንድትሄድ ተወሰነ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሕክምና እንደሚሄዱባት ታውቃላችሁ፤ አየር መንገዳችን በቀጥታ ይበራል፣ ጉዞው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እኅቴ ሐሙሲት ያላትን ቦታ ሸጠች። ወንድሜ ተበደረ። የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ወጪ የቻሉት ደግሞ በ2001 ዓ.ም. አብረውኝ የተመረቁት የአካውንቲንግ ክፍል ልጆች ናቸው። አሁን ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው «ስማችንን እንዳታነሣ» በሚል ዓይን እያዩኝ ስለሆነ አላነሣም።

ጥር ላይ ደረስን። ሆቴሉ ሱኩምቪት ከሚባለው ትልቅ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ሰማይ ላይ ከሚሄደው ባቡር ጣቢያም አይርቅም። ለነጋዴና ለሥራ መንገደኛ የተሠራ፣ አዳራሽ የለው፣ መዋኛ የለው፣ አበባ የለው። ዋጋው በሌሊት 950 ባት ነበር። ያኔ በባንክ ምንዛሪ ባቱና ብሩ ብዙም አይራራቁም ነበር። ፓስፖርታችንን ኮፒ አደረጉ፤ በአገሩ ሕግ ሆቴል የውጭ አገር እንግዳ ሲቀበል በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማስታወቅ አለበት። አንድ ሺህ ባት መያዣ ተቀበሉ። ደረሰኝ ሰጡን፤ እንደ ኤቲኤም ካርድ ያለ ቁልፍ ሰጡን። ያቺን ካርድ ግድግዳው ላይ ካልሰኩ መብራቱም ቬንትሌተሩም አይሠራም።

ክፍሉን በእርምጃ ለካሁት፤ ስድስት በአራት ነው። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ፣ በየቀኑ ሁለት ጠርሙስ ውሃ፣ ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚያሳይ መስኮት። በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ ሲጋራ ማጨስና ዱሪያን ይዞ መግባት ይከለክላል። ዱሪያን ሽታው ከመንገድ ማዶ ሰው የሚጣራ ፍሬ ነው።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ በሩ አጠገብ ቆመች።

«የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

«የማንም አይደለም፣ እማዬ። ሆቴል ነው።»

«ሰዎቹስ? እነሱ የት ሊያድሩ ነው?»

«ማንም አልለቀቀልንም። ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ «ከፍለሃል ወይ?» አለች።

«ከፍያለሁ። ይኸውልሽ ደረሰኙ።»

ደረሰኙን ተቀብላ አገላበጠችው። ማንበብ አትችልም፤ ማኅተም ግን ታውቃለች። «እንግዲያማ ልተኛ» አለችና ተኛች። ጠዋት ስነቃ ፀሐይ ወጥቶ እሷ ገና እንቅልፍ ላይ ናት። በሕይወቴ እናቴን ፀሐይ ከወጣ በኋላ ተኝታ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ልቧን ያመማት ሰው ናት፤ ቢሆንም እንደዚያ የተኛችው በድካም ብቻ አይመስለኝም። አላስቸገረችም። ማንም ስለ እሷ ወለል ላይ አልወረደም። የማንም ዕዳ የለባትም።

በነጋታው ደረሰኙን በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ሳየው ዓመተ ምሕረቱ 2562 ይላል። ሪሴፕሽን ላይ ያለውን ወጣት ጠየቅሁት፤ የቡድሃ ዘመን አቆጣጠር ነው አለኝ። «እኛ አገር 2011 ነው» ስለው ከት ብሎ ሳቀ። ፈረንጁ 2019 ላይ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ ባየኝ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ዓመት ላይ ናችሁ?» ይለኛል። ያለ ቋንቋ ወዳጅነት የሚጀምረው እንደዚህ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አራት ሌሊት አብረን አደርን። እናቴ ጠዋት ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትመጣ አልጋውን አንጥፋ፣ ወለሉን በእርጥብ ፎጣ ወልውላ ትጠብቃለች። «ተይ፣ ሥራዋ ነው» ስላት «ታምሜያለሁ እንጂ ሞቻለሁ?» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ከፍታ ጀበናና ጥሬ ቡና ስታወጣ ደነገጥኩ። ጣራው ላይ ጭስ የሚያሸት መሣሪያ አለ፤ ቡና ብትቆላ ሕንፃው በሙሉ ደረጃ ለደረጃ ይወርድ ነበር። ወርጄ ለልጁ አስረዳሁት። እሱ ደግሞ ከኋላ ወደ ሠራተኞች ማረፊያ ወሰደን፤ ደጅ ላይ የምግብ ምድጃቸው አለ። እናቴ እዚያ ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በሻይ ብርጭቆ። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ኢሳን ከሚባለው ከሰሜን ምሥራቁ የገጠር አገር የመጣች፣ የሩዝ ገበሬ ልጅ ናት። እናቴ እጇን እያንቀሳቀሰች አረም እንዴት እንደሚነቀል አሳየቻት። የደራና የፎገራ ሜዳ ሩዝ መዝራት ከጀመረ ብዙ ዘመን አይደለም፤ ታላላቆቻችን በደርግ ጊዜ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲጀመር ያስታውሳሉ። ዛሬ ግን ሐሙሲት ውስጥ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ያልተጋገረበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱ ሴቶች በረግረግ ውስጥ ስለሚታመም ወገብ ያለ አንድ ቃል ተግባቡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዘጠኝ ሌሊቶች የእኔ ብቻ ነበሩ። እሷ ሆስፒታል፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ። የሆቴሉን ጠባይ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቁርስ ቤት ውስጥ የማገኛቸው ሰዎች ከሁለት አንድ ናቸው፤ ወይ ነጋዴ ወይ አስታማሚ። ከመርካቶ ልብስ ሊገዙ የመጡ ሴቶች፣ የደላንታ ኦፓል ይዞ የመጣ ልጅ፤ ከዚያ ደግሞ ከኦማን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከምያንማር በሽተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች። ሆቴሉም ይህን ያውቃል። ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ተሽከርካሪ ወንበር አለ። የሆስፒታሉን አድራሻ በታይ ፊደል የጻፉበት ለታክሲ የሚታይ ካርድ አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ከሆስፒታል ብትመለስ ውሃ የሚያፈላልህ ሰው አለ። ማንም ግን «አይዞህ» እያለ አይከተልህም፤ ማንም «ምነው? ማን ታመመብህ?» አይልህም። ስትፈልግ ታወራለህ። ሳትፈልግ ቁልፍህን ይዘህ ወደ ላይ ትወጣለህ። ቀዶ ሕክምናው የተደረገ ዕለት ሌሊት በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ማንም አልሰማኝም፣ ማንንም አላስጨነቅሁም። የሚዘጋ በር ለአስታማሚ መድኃኒት ነው።

እናቴ ስትወጣ ደግሞ አሥራ አንድ ሌሊት አብረን ቆየን፤ የደም ማቅጠኛው መድኃኒት ልኩ እስኪገኝ ደሟ በየሁለት ቀኑ መታየት ነበረበት። በዚያ ሰሞን የከተማዋ አየር በብናኝ ከብዶ ትምህርት ቤቶች እስከመዘጋት ደርሰው ነበር፤ ስለዚህ በአፍ መሸፈኛ፣ በተሽከርካሪው ወንበር እንመላለሳለን። ከሆቴሉ በር እስከ ሆስፒታሉ በር 340 እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ሙያዬ ነው። ማታ ማታም ያው ጥያቄ ነው፤ «ከፍለሃል ወይ?» «ከፍያለሁ።» «እንግዲያማ ልተኛ።»

በመጨረሻው ቀን መያዣችንን መለሱልን። 24 ሌሊት በ950፣ ጠቅላላ 22,800 ባት። ከዚያ ላይ አንዲት ሳንቲም ያልተጻፈችብን ነገር ተጨምሮ አላየሁም። እናቴ ጀበናዋን ለጽዳት ሠራተኛዋ ትታላት መጣች።

ለሥራም ሆነ ለሕክምና ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ከዚህ የተማርኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሆቴል ስትመርጡ ኮከብ አትቁጠሩ፣ እርምጃ ቁጠሩ፤ የባንኮክ መንገድ ከተጨናነቀ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ቦታ ሰዓት ይፈጃል። በሽተኛ ይዛችሁ ከሆነ ስለ ሊፍቱ ስፋትና ስለ መታጠቢያ ቤቱ ደፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋው ቀረጥና ቁርስን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። «12 ሰዓት ልቀቁ» ሲሏችሁ በእኛ ከቀኑ ስድስት ሰዓት መሆኑን ለእናቶቻችሁ ንገሩ፤ የእኔዋ እስከ ማታ ጊዜ ያላት መስሏት ልብስ አጥባ አስጥታ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

እኛ እንግዳ ተቀባዮች ነን እንላለን፤ ነንም። ግን የእኛ እንግዳ ተቀባይነት የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ መደብ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ፣ ለአንድ ሌሊት ወይም ለሁለት። አስታማሚ ሃያ ሌሊት ያስፈልገዋል። ሃያ ሌሊት ደግሞ የማንም ደግነት ሳይሸማቀቁ የሚቀመጡበት አይደለም። ይሉኝታ ያሸንፋል። እናቴን ከዘመድ ቤት ወደ በረንዳ ያወጣት ጭካኔ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ባንኮክ ላይ በሰላም ያስተኛት ደግሞ ደግነት አይደለም፤ ደረሰኝ ነው።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ማኅበራችን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ለሆስፒታል በእግር በሚቀርብ ቦታ፣ አንድ ቤት ይከራይ። አሥር አልጋ ይበቃል። ውሃ፣ መጸዳጃ፣ መብራት፣ የሚቆለፍ በር፣ ምግብ የሚያበስሉበት ጓዳ። አዲስ ነገር አይደለም፤ የመውለጃቸው ጊዜ የቀረበ ሴቶች ከሩቅ መጥተው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው አለን። ለአስታማሚ ግን የለንም።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «በነፃ ይሁን እንጂ! ከድሃ ገበሬ ልንቀበል ነው?» አለኝ። ልቡ ጥሩ ነው፤ ግን አልስማማም። በነፃ ከሆነ ውለታ ነው፤ ውለታ ያለበት ሰው በሌሊት ተነሥቶ ይወጣል። ዋጋው ትንሽ ይሁን፤ ከሐሙሲት ባሕር ዳር የሚኒባስ ታሪፍ ያህል። የጎደለውን እኛ እንሙላ። ያም የሌለው ሰው ቢመጣ ማኅበሩ ይክፈልለት፤ ደረሰኙ ግን በራሱ ስም ይቆረጥ። መታወቂያ ይመዝገብ፣ ቁልፍ ይሰጠው፣ ከየት መጣህ ማን ነህ አይባል።

የቤት ኪራዩንና የጥበቃውን ሂሳብ በየዓመቱ እኔ በነፃ እመረምራለሁ። መምህሮቻችን ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ለመስተንግዶው ሥራ ቢያሠለጥኑልን ትምህርት ነው፤ በሙያው የሚመረቅ ልጅ ከዚህ የበለጠ መለማመጃ አያገኝም። ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። በወር የምትችሉትን ጻፉ፤ የማትችሉትን አትጻፉ።

እናቴ ዛሬም በየወሩ ለደም ምርመራ ከሐሙሲት ትመጣለች። ትናንት ስለዚህ ንግግር ስነግራት ብዙ አልተናገረችም። «የፋርጣው ሰውዬ ሚስት ዳነች ይሆን?» ብቻ ነው ያለችው። አላውቅም አልኳት። እኔ ግን የምመኘው ይህ ነው፤ ከፋርጣ ወይም ከእስቴ የመጣች አንዲት እናት በዚያ ቤት አልጋ ላይ ተቀምጣ ልጇን «ከፍለሃል ወይ?» ብላ ትጠይቀው፤ እሱም ደረሰኙን አሳይቷት እሷ ፀሐይ እስኪወጣ ትተኛ።

እራቱ ቀርቧል።